ፖስታዎቹን ያገኘኋቸው ከስኮርታው ጎማ ሥር ነው

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ። እሱ ቀን መጋዘን ይሠራል፣ ማታ ማታና ቅዳሜ ኡበር ይነዳል። ባለፈው ወር ጎማ ተነፈሰብኝና ስኮርታውን ላወጣ ስል ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ የፖስታ ክምር አገኘሁ። የአራት ክሬዲት ካርድ ደብዳቤ ነው። ደምሬ ሳየው 24 ሺህ ዶላር! እኔ የማውቀው አንድ ካርድ ብቻ ነበር። ስጠይቀው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ አለቀሰ። አብዛኛው ወደ አገር ቤት የሄደ ነው፤ ለአባቱ ሕክምና፣ ለወንድሙ ሰርግ፣ ለገና ስንሄድ ለገዛነው ዕቃ ሁሉ። ለቤት መግዣ ብዬ የቆጠብኩት 15 ሺህ ዶላር አለኝ። ከፍዬለት ልገላገል? ወይስ ልፍታው? አሁን ምንም ቢነግረኝ ውሸት ይመስለኛል። ለሰው እንዳልናገር ገበናችን ነው።»

እህቴ፣ ከሁለቱ አንዱንም ዛሬ አትወስኚ። አትክፈዪለት፣ አትፍቺውም። ሁለቱንም ያመጣው ቶሎ ልገላገል የሚለው ስሜት ነው። አልፈርድብሽም። ያ 15 ሺህ ዶላር ሌሊቱን ሙሉ ቆመሽ፣ የሰው እናት ስታገላብጪ አድረሽ ያጠራቀምሽው ነው። በንዴትም ሆነ በርኅራኄ በአንድ ቀን እንዲያልቅ አልፈልግም።

ያመመሽ ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንዱ 24 ሺህ ዶላሩ ነው። ሌላው ፌስታሉ ነው። ዕዳው ነገ ቢከፈል እንኳ ፌስታሉ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይቀራል። መኪናው ውስጥ በገባሽ ቁጥር ኋላውን መክፈት ያምርሻል። ስለዚህ ለየብቻ እንያቸው።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ካርዶቹ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ያስከፍላሉ እንበል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው፤ የሱቅ ካርድ ከሆነማ ከ30 በመቶም ሊበልጥ ይችላል። በ24 በመቶ ስናሰላው በወር 480 ዶላር ወለድ ብቻ ይመጣል። በቀን 16 ዶላር ማለት ነው፤ ተኝታችሁም ይቆጥራል። ሚኒመም የሚባለው፣ ማለትም ባንኩ በየወሩ ቢያንስ ክፈል የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ወለዱና ከዋናው አንድ በመቶ ተደምሮ ነው። እንግዲህ ባልሽ በወር ወደ 720 ዶላር ከፍሎ ከዋናው ዕዳ የሚቀነስለት 240 ብቻ ነው። በዚያው ወር ካርዱን ለቤንዚንና ለአስቤዛ ካወጣው ደግሞ እሱም ይመለሳል። ለዚህ ነው ሰው ዓመቱን ሙሉ እየከፈለ ዕዳው ፈቀቅ የማይልለት።

አንዱን ወረቀት አውጥተሽ እዪው። ትንሽ ሠንጠረዥ አለች። ሚኒመሙን ብቻ ከከፈልክ በስንት ዓመት ትጨርሳለህ፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ደግሞ በወር ስንት መክፈል አለብህ የሚለውን ትናገራለች። ባንኮቹ ይህን እንዲጽፉ ያስገደዳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ሕግ ነው። በዕዳ የተጨነቁ ሰዎች ቢሮዬ ይዘውት የሚመጡት ወረቀት ብዙ ጊዜ ልክ በእሷ በኩል የታጠፈ ነው። የወሩ ሚኒመም በእስክሪብቶ ተከብቦ ከላይ ይታያል፤ ሠንጠረዧ ወደ ውስጥ ገብታለች። ሰው የሚያስፈራውን ነገር እንዲህ አጥፎ ኪሱ ይከታል። ስኮርታው ሥር ያገኘሽው ፌስታልም የዚያው እጥፋት ትልቁ ነው። ከአንቺ የደበቀውን ያህል ከራሱም ደብቆታል። ይህን የምልሽ ይቅር እንድትይው አይደለም። ምን እንደገጠመሽ እንድታውቂው ነው።

ካርድ ሲያወጡት አያምም። ጥሬ ገንዘብ ሲቆጥሩ እጅ ይከብዳል፤ ካርድ ሲያስነኩ ግን ምንም የጎደለ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። አጥኚዎቹ ኤም አይ ቲ ለሚባለው ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቅርጫት ኳስ ትኬት በጨረታ አቀረቡ። በካርድ ትከፍላላችሁ የተባሉት፣ በጥሬ ገንዘብ ትከፍላላችሁ ከተባሉት እጥፍ ገደማ ሰጡ። እነዚህ ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስልኩ ጠርቶ «ልጄ፣ አባትህ ታሞ ተኝቷል» የተባለ ሰው ምን እንደሚያደርግ አስቢው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባልሽ በባንክ ብር የከፈለው ውለታ ነው። ያሳደገው ሰው፣ ያስተማረው፣ ምናልባትም እዚህ ለመምጣት ቲኬት የገዛለት ሰው አለ። ባንክ ቢያንስ በየወሩ የቀረብህ ይህ ነው ብሎ ይጽፋል። የውለታን ቀሪ ሒሳብ ግን ማንም አይጽፍልህም። ስለዚህ አያልቅም። ለሕክምና የላከ ሰው ለሰርግ አይ ማለት አይችልም። ለሰርግ የላከ ለክርስትና እምቢ ቢል ያፍራል። አገር ቤት ያለው ሰው ደግሞ ዶላሩን በብር አባዝቶ ነው የሚያየው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ሲወርድ ያ ብዜት ይብሱን ትልቅ መሰለ፤ ኑሮውም አብሮ ተወደደ። የእናንተን የቤት ኪራይ፣ የሕፃናት መዋያ፣ የመኪና ኢንሹራንስ የሚያይ የለም። የሚያዩት ለገና ይዛችሁት የወረዳችሁትን ሻንጣ ነው።

ሻንጣውን ስትሞሉ አንቺም አብረሽ ነበርሽ ብዬ እገምታለሁ። ያኔ ገንዘቡ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቀሽው ነበር? ይህን የምጠይቅሽ ጥፋቱን ላጋራሽ አይደለም፤ ዋሽቶሻል፣ ጥፋቱ የሱ ነው። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባል የለ? ስደት ላይ ግን ጎረቤቱ አጠገብ ያለው ሰው አይደለም። አገር ቤት ያሉት ስለ እኛ በልባቸው የያዙት ሥዕል ነው። ሁለታችሁም የኖራችሁት ለዚያ ሥዕል ነው።

የአባቱን ሕክምና ከሰርጉ ጋር አንድ ላይ አትቁጠሪው። የታመመ አባት መርዳት ከአቅም በላይ መኖር አይባልም። ሰርጉ ግን ይባላል፤ ሁለተኛው ስልክ፣ ሦስተኛው ሽቶም እንደዚያው። ሁለቱን ሳትለዩ «ከእንግዲህ አትልክም» ካልሽው እሺ ይልሻል፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ደብቆ ይልካል። ስለዚህ ቁጥር አውጡለት። በወር የምትችሉት 200 ዶላር ከሆነ 200፣ 150 ከሆነ 150 ይሁን። ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ ከደሞዝ ይውጣ፣ ከካርድ ግን አይውጣ።

ይህን ለቤተሰቡ የሚናገረው ራሱ ነው። እዚህ ላይ አደራ እልሻለሁ። አንቺ ከደወልሽ፣ ወይም እሱ «ባለቤቴ እንዲህ አለች» ካለ፣ ነገሩ በሁለት ቀን ውስጥ «እሷ ከገባች ወዲህ ተለወጠ» ሆኖ ሰፈሩን ይዞራል። ስለዚህ አንቺ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ስልኩን እሱ ይያዝ። «እማዬ፣ ዕዳ አለብኝ። ብዙ ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ በወር ይህን ያህል እልካለሁ፤ ከዚያ በላይ የለኝም» ይበል። «የለኝም» የምትለዋ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ታንቃለች። በብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ላቡ ይመጣል፣ ስልኩን ከጆሮው ያርቃል። ብዙ እናቶች ደግሞ «ልጄ፣ ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» ይላሉ። የሚያኮርፍም ይኖራል። ይኮርፍ።

ወደ ቁጠባሽ ስመለስ፣ ባንክ ተቀምጦ ጥቂት ወለድ የሚያመጣ ገንዘብ ይዞ የ24 በመቶ ወለድ ዕዳ ተሸክሞ መቆየት ኪሳራ ነው፤ ሒሳቡ ይህን ይላል። ዕዳው በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ግን ብዙ ሰው እፎይ ይልና ካርዱን እንደገና ይሞላዋል። እኔ ብሆን የሦስት ወር የቤት ኪራይ አስቀር ነበር። ከቀረው ወለዱ የከበደውን ካርድ እዘጋለሁ፤ ትንሹ ካርድ እሱ ከሆነ ደግሞ ልብ ያበረታል። ይህም የሚሆነው አራቱም ካርዶች በመቀስ ከተቆረጡ በኋላ ነው። ለቀረው ለትርፍ የማይሠራ የዕዳ ምክር ድርጅት አነጋግሩ። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ብሔራዊው የክሬዲት ምክር ፋውንዴሽን በየስቴቱ አባል ድርጅቶች አሉት። ከባንኮቹ ጋር ተነጋግረው ወለዱን ብዙ ጊዜ ከአሥር በመቶ በታች ያስወርዳሉ። 24 ሺው በሙሉ በ8 በመቶ ቢሆን በወር 760 ዶላር እየከፈላችሁ በሦስት ዓመት ትጨርሳላችሁ። አሁን ከሚከፍለው 720 በ40 ዶላር ቢበልጥ ነው! በስልክ ደውሎ «ዕዳችሁን በግማሽ አስቀንሳለሁ፣ መጀመሪያ ክፈሉኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ዝጉት። እንዲህ በስልክ የሚሠሩ ድርጅቶች ዕዳውን ሳያስቀንሱ ቀድመው እንዳያስከፍሉ የፌዴራሉ ደንብ ይከለክላል።

ዕቁብ ካላችሁ ዕጣውን አስቀድመው እንዲሰጧችሁ ዳኛውን ለምኑ፤ ወለድ የለውም። ዕቁብ ለመጣል ብሎ ከካርድ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትን ግን እንዳትሞክሩት። ኮሚሽን አለው፣ ወለዱም ከዚያችው ቀን ይጀምራል።

ፌስታሉን የሚያድነው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። «ከእንግዲህ አልዋሽም» የሚል ቃል አትቀበዪ፤ ቃል ሞልቶ ነበር። ይልቅ የክሬዲት ሪፖርቱን አብራችሁ አውጡ። የሰውን የዕዳ ታሪክ የሚመዘግቡት ሦስቱ ድርጅቶች፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በነፃ ይሰጣሉ። በስሙ የተከፈተ ካርድና ብድር አብዛኛው እዚያ ላይ ይታያል። በየወሩ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ሁሉንም ሒሳብ አብራችሁ እዩ። ካርዱ የወጣበትንም ቁጠሩት። ከላከውና ከገዛችሁት ጋር ካልገጠመ፣ ቁማር ወይም የስፖርት ውርርድ አለ ወይ ብለሽ በቀጥታ ጠይቂው። ከሆነ ዕዳውን ከመክፈል በፊት የሚታከም ነገር አለ።

ሌላም ልጠይቅሽ። ያለቀሰ ቀን፣ ወይም ከዚያ ወዲህ፣ «ብሞት ይሻላል»፣ «ከእኔ ብትገላገሉ ይሻላችኋል» ብሏል? ካለ ንግግር ነው ብለሽ አትለፊው። ዕዳና እፍረት አንድ ላይ ሆነው ሰው ገድለዋል። ብቻውን አትተዪው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው የሚረዳው የአሜሪካ መስመር 988 ይደወላል፣ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ። ይህ ካለ የገንዘቡ ነገር ለጊዜው ይቆይ።

ገበና ነው ብለሻል፣ ይገባኛል። ለሰፈር አይወራም። ግን አንድ ሰው ይወቅ፤ የነፍስ አባታችሁ ወይም ሚስጥር የሚይዝ ሚዜው ቢሆን ጥሩ ነው። የሚነግረው እሱ ይሁን፣ አንቺም እያለሽ ይሁን።

ከእሑድ ጀምሩ። ልጆቹ ሲተኙ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ አውጪው። ያልተከፈቱ ፖስታዎች ይኖራሉ። እሱ ይቅደዳቸው፣ እሱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አንቺ ደብተር ላይ ጻፊ። በመሀል ብትቆጪ ተቆጪ፤ መቆጣት መብትሽ ነው። የልፍታው ጥያቄሽን ለስድስት ወር አስቀምጪው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አምስተኛ ካርድ ካገኘሽ ግን የምንነጋገረው ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ጻፊልኝ።