ሽሪምፑን ለማየት አስቀድመው ማደሪያውን ይፈልጉ

ከባሕር ዳር ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሄደው በማስካሊ ደሴት አካባቢ ስኩባ (የአየር ጋን ይዞ ባሕር ውስጥ) መጥለቅ እንደጀመሩ፣ ጓደኞችዎ ደጋግመው የሚያዩትን ቀይና ነጭ ሽሪምፕ፣ ያን ረጅም ጢም ያለውን ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ግን እርስዎ እንዳላዩት ገልጸው፣ ምናልባት የዓይንዎ ችግር ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም የጣና ዳር ልጅ ነኝ፤ በዚያው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለዓመታት ስለጠለቅሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ችግሩ የዓይንዎ አይመስለኝም። ጣና ዳር ያደግን ሰዎች ከታንኳ ላይ ሆነን ደፍረስ ባለ ውኃ ውስጥ ትልቁን ዓሣ መጠበቅ እንጂ፣ አውራ ጣት የምታህል ፍጥረት ኮራል በሚባለው ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ስንጥቅ ውስጥ መፈለግን አልለመድንም። ስለዚህ ሽሪምፑን ትተው የሚኖርበትን ቦታ ይፈልጉ።

ጀርባው ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ነጭ መስመር የወረደበት ጽዳተኛው ሽሪምፕ የሚገኘው ዓሦች ለመጽዳት በሚመጡበት ቋጥኝ ሥር ነው። ዓሣው አፉን ከፍቶ ሳይንቀሳቀስ ይቆማል፤ ሽሪምፑም፣ በእኛ አገር በበሬ ጀርባ ላይ አርፎ መዥገር እንደሚለቅመው ወፍ፣ ከዓሣው ገላ ላይ ጥገኛ ተሕዋስያንን ይለቅማል። ዓሣ እንዲህ ቆሞ ካዩ ቀስ ብለው ይጠጉና ከሥሩ ያለውን ጥላ ይመልከቱ። ሞሬይ የሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ራሱን ያወጣበት ቀዳዳም ጥሩ ምልክት ነው፤ እጅዎን ግን ፈጽሞ አያስገቡ። ቀይና ነጭ ቀለበት ያለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ቀን ቀን በስንጥቅ ውስጥ ስለሚደበቅ፣ አስቀድሞ የሚታየው ወደ ውጭ የዘረጋው ረጅም ነጭ ጢሙ ነው።

ባትሪ በቀንም ቢሆን ይያዙ። ውኃ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ቀለም ቀድሞ ስለሚውጠው፣ አሥር ሜትር ያህል ሲወርዱ ደማቁ ቀይ ግራጫ መስሎ ከድንጋዩ ጋር ይመሳሰላል፤ ባትሪው ሲበራ ግን ቀለሙ ይመለሳል። በሌሊት ጠለቃ ደግሞ የሽሪምፖቹ ዓይኖች ብርሃኑን መልሰው ስለሚያንጸባርቁ ፍለጋው ይቀላል።

ከሁሉ በላይ የምለምንዎ ሪፉን (የኮራሉን ቋጥኝ) ሁሉ ለመዞር እንዳይቸኩሉ ነው። አንድ ቦታ መርጠው፣ ሚዛንዎን ጠብቀው፣ ኮራሉን ሳይነኩ ይቆዩ፤ ትንፋሽዎን ግን አይያዙ፣ ለሳንባ አደገኛ ነውና። ወደ ባሕር ዳር በሚመለሱበት ጊዜም፣ በተከታታይ ቀናት ጠልቀው ከሆነ ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

አሸዋማ ወለል ካጋጠመዎ ደግሞ ጎቢ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ይፈልጉ። አብሯት የሚኖረው ሽሪምፕ አጥርቶ ስለማያይ ጉድጓዱን ሲቆፍርና አሸዋ ሲያወጣ አንድ ጢሙን ከእርሷ ላይ አያነሣም፤ እርሷ ጅራቷን ስታርገበግብ አደጋ መኖሩን አውቆ ይገባል። ስለዚህ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ ዝቅ ብለው ይጠብቁ፤ ጎቢዋ ከተረጋጋች ሽሪምፑ አሸዋውን እየገፋ ተመልሶ ይወጣል።