የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ሽታ ቢያስገባ ተጠያቂው ማን ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ፎቅ ቤት ላይኛውን ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መታጠቢያ ቤቱ በክረምት ስለሚሻግት አከራዬ ፋን እንዲያስገጥምልኝ ጠየቅሁ። እሱ ያመጣው ሠራተኛ ግን የፋኑን ቱቦ ከሽንት ቤት ጉድጓዱ መተንፈሻ ቱቦ ጋር አገናኘው። አሁን ፋኑ ሲጠፋ ሽታው እኔ ጋ ይገባል፤ ሲሠራ ደግሞ ከታች ያሉት ጎረቤቴ «ሽታ ለቀቅሽብን» ብለው ሊከሱኝ ነው። አከራዬ «የጠየቅሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው አሠሪው» ይለኛል።

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እንፋሎት ይውጣልኝ ብሎ መጠየቅ ጥፋት አይደለም። ዋናው ጭብጥ ፋኑን ማን ጠየቀ ሳይሆን በማን ትእዛዝ፣ ከምን ጋር ተገናኘ የሚለው ነው። የፋን ቱቦ ለብቻው ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው ከጉድጓድ መተንፈሻ ጋር ከተቀጠለ፣ ሽታውን የሚያግድ የሲፎን (ውኃ የሚይዝ ጎባጣ ቱቦ) ውኃ በመካከል ስለማይኖር የጉድጓዱ አየር ወደ ክፍልዎ ይመለሳል።

ሆኖም አስቀድመው አንድ ነገር እንዲያጣሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። የወለሉ ውኃ መውረጃ ለረጅም ጊዜ ውኃ ካልፈሰሰበት ሲፎኑ ይደርቅና ፋኑ ሽታውን በዚያ በኩል ይስባል፤ ይህ ከሆነ ደግሞ ጉድለቱ የአከራዩ ነው ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በመውረጃው ውኃ አፍስሰው አንድ ቀን ይጠብቁ። ሽታው ካልጠፋ ፋኑን አጥፍተው አፉን በላስቲክና በፕላስተር ይሸፍኑ፤ ያን ጊዜ ከጠፋ መንገዱ የፋኑ ቱቦ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ አገኙ። ይህን ሲያደርጉ የታችኛዋን ጎረቤትዎን ይጥሩ፤ ዛሬ ሊከሱዎት ያሰቡት ሴት ነገ ምስክርዎ ሊሆኑ ይችላሉ። ቱቦው የተቀጠለበትንም ቦታ ፎቶ ያንሱ።

የጎረቤትዎን አቤቱታ በተመለከተ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ባለሀብት (የንብረቱ ባለቤት) በሀብቱ ሲገለገል ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጢስ፣ መጥፎ ሽታ ወይም ድምፅ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ባለሀብቱ ነውና ጥያቄው በቅድሚያ ወደ አከራይዎ ያመራል። እርስዎም ግን ጉዳቱን እያወቁ ፋኑን ማሠራት ከቀጠሉ በቁጥር 2028 መሠረት በራስዎ ጥፋት ሊጠየቁ ስለሚችሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያጥፉት፤ ያጠፉበትንም ቀን ይጻፉ።

ከአከራይዎ ጋር ያለዎት ጉዳይ የውል ጉዳይ ነው። ብዙ ተከራዮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ተናደው ኪራይ ያቆማሉ፣ ውል አፍራሽም ራሳቸው ይሆናሉ። ኪራይዎን በቀኑ ይክፈሉ፣ ደረሰኙንም ይያዙ። ቁጥር 1772 ውሉ አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳልና፣ ጉድለቱን፣ የሚፈልጉትን ሥራና በቂ የጊዜ ገደብ ገልጸው በጽሑፍ ይስጡት፤ ቅጂው ላይ ያስፈርሙት፣ አልፈርምም ካለ በምስክሮች ፊት ይስጡት።

ጊዜው ካለፈ በቁጥር 1771 ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ፣ በሁለቱም ላይ ኪሳራ (የጉዳት ካሳ) ጭምር መጠየቅ ይችላሉ። እኔ ብሆን የምመርጠው ግን ቁጥር 1777ን ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሥራውን እርስዎ በአከራዩ ወጪ እንዲያሠሩ ሊፈቅድልዎ ይችላል። ሳያስፈቅዱ አሠርቶ ከኪራይ መቀነስ ግን አዲስ ክርክር ይወልዳል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በዚያው ያዘጋጁ፤ በአማርኛ የተጻፈ ውልና ማስጠንቀቂያ ካለዎትም ያስተርጉሙ።

በሽማግሌ ከታረቃችሁም «ሽታው ይስተካከላል» በሚል ቃል አይለያዩ። የፋኑ ቱቦ ከጉድጓዱ መተንፈሻ እንደሚነጠል፣ በመተንፈሻው ላይ ለፋኑ ቱቦ የተከፈተው ቀዳዳ እንደሚደፈን፣ አዲሱ ቱቦ የጅማ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይመልስ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ በግድግዳው እንደሚወጣ፣ ጫፉ ላይም ፋኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን እንደሚደረግለት፣ በማን ወጪና እስከ መቼ እንደሚጠናቀቅ አስጽፈው ሁለታችሁም ከምስክሮች ጋር ፈርሙበት።