ብርዳማ ቦታ ላይ ሐብሐብ መትከል ለምትፈልጉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

«ሐብሐብ የቆላ ነገር ነው፤ ብርድ ባለበት ጓሮ አትድከሙ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ሙቀት ወዳድ መሆኑ እውነት ነው። መነሻው አፍሪካ ነው፤ ዘሩ በግብፁ ንጉሥ በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። ብርዳማ ቦታ ላይ አያፈራም የሚለውን ግን አልቀበልም። ያፈራል። ዕድሜዬን በግብርና ሙያ ስላሳለፍኩ ይህን አፌን ሞልቼ እነግራችኋለሁ። ለሌላ አትክልት ከምታስቡት በላይ ስለ አፈራችሁ ሙቀት ማሰብ ግን አለባችሁ።

ሰው ሁሉ የሚያየው የአየሩን ሙቀት ነው። ፀሐይ ሁለት ቀን ጠንከር ስትል ችግኙን ይዞ ይወጣል። አፈሩ ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትር ፈልጉ። የአፈር መለኪያ ካጣችሁ ለምግብ የሚሆነውም ይሠራል። በጠዋት ተነሱና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ አስገብታችሁ አንብቡ። ከሰዓት በኋላ ብትለኩ ፀሐይ ያሞቀችው ላይኛው አፈር ያታልላችኋል። የጠዋቱ ንባብ ለተከታታይ ቀናት ከ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልወረደ መትከል ትችላላችሁ። 21 ከደረሰ ደግሞ እሰየው።

ከዚያ በታች ከሆነ ዘሩ ይበሰብሳል። ችግኝ ብትተክሉም ሥሩ ይደነዝዝና ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። እንዲህ ያለ ችግኝ ቶሎ አይሞትም። ቆሞ ይቀራል፣ እናንተም ዛሬ ነገ ያድጋል እያላችሁ ወቅቱ ያልፋችኋል። ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሞቃት አፈር ያገኘ ችግኝ ቀድሞ ብርድ ውስጥ የገባውን ደርሶ ጥሎት ይሄዳል። ወጣት ሆኖ መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠብቁ።

እየጠበቃችሁ አፈሩን አሙቁት። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝና ከነፋስ የተከለለ ቦታ ምረጡ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። መደቡን ከፍ አድርጉት፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅሉበት፣ ከዚያ ከመትከላችሁ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ጥቁር ፕላስቲክ አልብሱት። ፕላስቲኩ ተወጥሮ አፈሩን ይንካ። በመካከሉ አየር ከገባ ሙቀቱ ወደ አፈሩ አይወርድም። ጭድ መጎዝጎዝ ለብዙ አትክልት ይጠቅማል፤ እዚህ ግን አፈሩ ሳይሞቅ ጭድ ካለበሳችሁት ብርዱን ቆልፋችሁበት ማለት ነው።

ዘር ስትገዙ የፓኬቱን ሥዕል ተዉትና ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈልግ አንብቡ። ትልልቆቹ ዝርያዎች 90 ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ለእናንተ አይሆኑም። ሹገር ቤቢ የሚባለው ከ75 እስከ 80 ቀን፣ ብላክቴይል ማውንቴን ደግሞ ከ70 እስከ 75 ቀን ገደማ ይበቃቸዋል። ይህን ሁለተኛውን ያወጣው ግሌን ድራውንስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። ሌሊቱ በበጋም በሚቀዘቅዝበት በሰሜን አይዳሆ ይኖር ነበር፤ ሥራውንም የጀመረው ገና ወጣት ሳለ ነው። በፓኬቱ ቁጥር ላይ ግን ሁለት ሳምንት ጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሁሉም ይዘገያል። ዘር አልባውን ሐብሐብ ለጊዜው ተዉት። ለመብቀል ከሌላው የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል፣ ለማፍራትም አጠገቡ ዘር ያለው ዝርያ መተከል አለበት።

ችግኙን ቤት ውስጥ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አፍሉት። የሐብሐብ ሥር መነካካት አይወድም። ከነመያዣው አፈር ውስጥ የሚገባ የወረቀት ጽዋ ተጠቀሙ። ውጭ ከመትከላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወጣችሁ ከንፋሱና ከፀሐዩ ጋር አላምዱት። ከተተከለ በኋላ ብርሃን በሚያስገባ ስስ ጨርቅ ሸፍኑት።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። መጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ወንዴ ናቸው፤ ፍሬ አልያዘም ብላችሁ አትደንግጡ። ሴቴዋ በኋላ ትመጣለች። ጎንበስ ብላችሁ ብታዩዋት ከቢጫው አበባ ሥር የጣት ጫፍ የምታህል ፀጉራም ሐብሐብ ይዛለች። ያኔ ንብ እንድትገባ ጨርቁን አንሱ። ብርድና ዝናብ ሲሆን ንብ ከቀፎዋ አትወጣም፣ አበባው ደግሞ ክፍት የሚሆነው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ራሳችሁ አዳቅሉት። ጠዋት አበባው እንደተከፈተ ወንዴውን ቁረጡ፣ የአበባውን ቢጫ ቅጠሎች ወደ ኋላ ላጥ ላጥ አድርጉ፣ መሐሉ ላይ ያለውን ቢጫ ዱቄት ሴቴዋ መሐል ላይ በቀስታ ቀቡ። ሦስቱንም ክፍሎቿን አዳርሱ፤ አንድ ወገን ብቻ ከተቀባ ፍሬው ተጣሞ ያድጋል። ከተሳካ ትንሿ ፍሬ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስታብጥ ታያላችሁ። ካልተሳካ ትጠቁርና ትረግፋለች።

ከዚያ ጨከን በሉ። በአንድ ተክል ላይ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ብቻ አስቀሩ፣ ሌላውን ልቀሙ። አምስት ፍሬ ያሳደገ ተክል ብርዱ ሲመጣ አምስት ጥሬ ፍሬ ታቅፎ ይቀራል። ከፍሬው ሥር ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ፤ እርጥብ አፈር ላይ ከተኛ ይበሰብሳል።

ማዳበሪያ ላይ እኔ ቁጥብ ነኝ። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ውሃ ከሥር እንጂ ቅጠል ላይ አታፍስሱ፤ ፍሬው ሊደርስ ሲል ደግሞ ቀንሱ።

ሐብሐብ ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም፤ ስለዚህ አትቸኩሉ። ብዙ ሰው በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ያ ልምድ ይፈልጋል። እናንተ የፍሬው አንገት ከሐረጉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። እዚያ አጠገብ የተጠቀለለች ቀጭን ክር አለች። አረንጓዴ ከሆነች ገና ነው። ቡናማ ሆና ከደረቀች ፍሬውን ገልበጥ አድርጋችሁ መሬት የነካውን ጎን እዩ። ነጭ የነበረው ወደ ቅቤ ቢጫ ከዞረና የልጣጩ አንጸባራቂነት ከጠፋ ቁረጡት።

ከሁሉ ቀድሞ የደረሰውን ዘር አትጣሉ። ዝርያው ድቅል (ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ) ካልሆነና አጠገቡ ሌላ የሐብሐብ ዝርያ ካልነበረ ዘሩን እጠቡት፣ ጥላ ውስጥ በደንብ አድርቁት፣ ስሙንና ዓመቱን ጽፋችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። በየዓመቱ ቀድሞ የደረሰውን እየመረጣችሁ ከዘራችሁ የጓሯችሁን ብርድ የሚችል ዘር ይኖራችኋል።