ስሎፕ ያስቸገራችሁ ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ሒሳብ አስጠናለሁ። ከሁለት ነጥብ ስሎፕ ማውጣት ላይ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁ፣ እስከ ማታ እዚሁ ነኝ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ቀመሩን ሸምድጄዋለሁ። ግን ስሎፕ ራሱ ምንድን ነው?

የቤዛዊትን ኮረብታ በእግርሽ ወጥተሽ ታውቂያለሽ? ዳገቱ ለስለስ ያለበት አለ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥርበትም አለ። ያንን ልዩነት በቁጥር ስንናገረው ስሎፕ ነው። ለምሳሌ በአግድም 100 ሜትር ሄደሽ 8 ሜትር ከፍ ካልሽ፣ 8 ሲካፈል ለ100፣ 0.08 ነው። የዋይ ልዩነት ሲካፈል ለኤክስ ልዩነት የሚባለው ይኼው ነው፤ የወጣሽው ሲካፈል ለሄድሽው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ነጥብ ላስቀድም?

የፈለግከውን። (2፣ 3) እና (6፣ 11)ን ውሰድ። 11 − 3 = 8፣ 6 − 2 = 4፣ 8 ÷ 4 = 2። ብትገለብጠውም −8 ÷ −4 ያው 2 ነው። ላይ (የዋይ ልዩነቱን) ከአንዱ ነጥብ፣ ታች (የኤክስ ልዩነቱን) ከሌላው ከጀመርክ ግን −2 ይወጣልሃል። ዳገቱን ቁልቁለት አደረግከው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ኔጌቲቭ ሲገባ ነው የምሳሳተው። በ(−2፣ 5) እና (4፣ −7) −6 መጣልኝ፣ መልሱ ግን −2 ይላል።

ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ነው የሚወድቀው። ላዩን በትክክል ሠርተሃል፣ −7 − 5 = −12። ታች ግን 4 − 2 ብለህ 2 አድርገኸዋል። የምትቀንሰው እኮ 2ን ሳይሆን −2ን ነው! 4 − (−2) = 6፣ ከዚያ −12 ÷ 6 = −2። የማስጠናቸው ልጆች ደብተር ላይ አዘውትሬ በቀይ የማከብበው ይቺን የጠፋች ቅንፍ ነው። ስለዚህ ቁጥር ከማስገባትህ በፊት ባዶ ቅንፎቹን ጻፍ፣ ( ) − ( )፣ ከዚያ እያንዳንዱን ቁጥር ከነምልክቱ አስገባው፤ አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ታች ዜሮ ከመጣ ስሎፑ ዜሮ ነው አይደል?

አይደለም። ዜሮ የሚሆነው ላዩ ዜሮ ሲሆን ነው፤ መስመሩ ነፋስ በሌለበት ጠዋት እንደሚታየው የጣና ውሃ ዝርግ ነው። ታቹ ዜሮ ከሆነ ግን ዳር ላይ እንዳለው የዘንባባ ግንድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለዜሮ ማካፈል ስለማይቻል ስሎፕ የለውም። ፈተና ላይ "የለውም" ብለሽ ጻፊ፣ 0 እንዳትጽፊ።

ጥያቄ፦ ሦስት ነጥቦች አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን በዚህ ማወቅ ይቻላል?

ጎበዝ፣ ይቻላል። የአንደኛውና የሁለተኛው፣ ከዚያ የሁለተኛውና የሦስተኛው ስሎፕ እኩል ከሆነ አንድ መስመር ላይ ናቸው። ቅድም ባሉት በ(2፣ 3) እና (6፣ 11) ላይ (7፣ 13)ን ጨምርና ሞክረው፣ ያገኘኸውን ጻፍልኝ።