«ሚስት አትወርስም» የተባለችው ባልቴት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤቱን የገዛነው ከተጋባን በኋላ ቢሆንም ውሉ በእርሱ ስም ነው። የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች አሉን፤ ኑዛዜ የለም። ታላቅ ወንድሙ «ሚስት አትወርስም፤ ለተዝካሩ ከባንኩ ብር አውጪ፣ የቤቱን ነገር ኋላ እንነጋገራለን» ይለኛል። ካርዱ በእጄ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሚስት አትወርስም ማለታቸው እውነት ነው፤ የሚሳሳቱት ከዚያ በኋላ ነው። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ ግማሹ ቤት በውርስ የሚመጣልዎት ሳይሆን ድሮም የእርስዎ ነው። የቀረውን ግማሽ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ልጅ እያለ ለወንድም የሚደርስ የለም።

አሁን የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። «አርባው ይውጣ» እየተባለ ቀኑ ያልፋል፤ ለእርስዎ የቀረው አንድ ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። የሐኪም ቤቱን ወይም የቀብሩን ማስረጃና የሟችን መታወቂያ ይዘው ወረዳው ወሳኝ ኩነት ቢሮ ይሂዱ። የምስክር ወረቀቱን ሳያነቡ እንዳይቀበሉ። በውሉ ላይ «ኃይሉ»፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ «ሀይሉ» ተብሎ ስንት ባለጉዳይ ሲመላለስ አይቻለሁ።

ካርዱን ያስቀምጡት። የሚስጥር ቁጥሩን ማወቅ ፈቃድ አይደለም፤ ከዚያ ገንዘብ ውስጥ የልጆችዎ ድርሻ አለ። የቀብር ወጪ ከውርሱ ላይ ይከፈላል፤ የተዝካር ወጪን ግን ሕጉ ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። መደገስ የሚፈልግ ከኪሱ ይደግስ።

ቀጥሎ የልጆችዎ ሞግዚት ሆነው ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ያመልክቱ። ባንኩም የቤቱን ስም የሚያዛውረው መሥሪያ ቤትም የሚጠይቁዎት ይህንኑ ነው። ባለቤትዎ ተቀጣሪ ከነበሩና 10 ዓመት ካገለገሉ ደግሞ የጡረታቸው 50 በመቶ ለእርስዎ ይታሰባል፤ ለልጆቹም የየራሳቸው አለ።

ፍርድ ቤቱ ምስክር ይፈልጋል። የልጆቹን አባት ከአጎታቸው የበለጠ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ወንድምየውን በቤቱ ጉዳይ ከመሟገት ይልቅ ቀርበው እንዲመሰክሩ ይጠይቋቸው።