ባትሪ ይዛችሁ ኑ፦ ለንደን ሰልችቷችሁ መንደር ለመግባት ለምታስቡ

ሰሞኑን ሁለት ሰዎች ደውለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። "ለንደን ሰለቸን፣ ልጆቹም እያደጉ ነው። አንቺ ያለሽበት ዓይነት መንደር ብንገባስ?" በስልክ ተናግሬ አልጨረስኩትም። ስለዚህ ልጻፈው።

እኔ ያለሁት ቴይደን ቦይዝ ነው። ስሙ ተጽፎ ስታዩት ፈረንሳይኛ የምትችሉ ሰዎች "ቧ" ልትሉት ትችላላችሁ። እንዳትሉ፣ ይስቁባችኋል። ኤሴክስ ውስጥ ያለች 4 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ሴንትራል ላይን በሚባለው የለንደን ትዩብ (የምድር ውስጥ ባቡር) መስመር ወደ ኤፒንግ ስትመጡ ከመጨረሻው በፊት ያለችው ጣቢያ እሷ ነች። ለንደን መሃል ካለው ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ 40 ደቂቃ ያህል ትርቃለች።

የመጣሁት አንዲት እናት ለመንከባከብ፣ በኬረርነት ነው። ኅዳር ነበር፣ ማታ። ከጣቢያው ስወጣ ጥቂት እንደሄድኩ ድቅድቅ ጨለማ ዋጠኝ። "መብራት ሄዷል ማለት ነው" አልኩ። እንግሊዝ አገርም መብራት ይሄዳል እንዴ! በስልኬ እያበራሁ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ደረስኩ። ለአሮጊቷ ይህንኑ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። "አልሄደም፣ እኛ ነን አናስገባም ያልነው" አሉኝ። ለካስ መንደሯ የመንገድ መብራት የላትም። ድህነት እንዳይመስላችሁ፣ ነዋሪው ጨለማውን ስለሚወድ ነው። ኮከብ ማየት ይፈልጋሉ። ጥያቄው በተነሳ ቁጥር "አይሆንም" ብለው መልሰውታል።

የመጀመሪያ ምክሬ እንግዲህ ባትሪ ግዙ የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ከዚያው ይወጣል። እንዲህ ያለ መንደር የሚታደርበት ቦታ ብቻ አይምሰላችሁ። ስለ ራሱ የሚወስን ሰፈር ነው። የት እንደሚወስን፣ እንዴት እንደሚወስን ካላወቃችሁ አሥር ዓመት ኖራችሁም እንግዳ ናችሁ።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የቴይደን ስም በ1086ቱ የንጉሥ ዊልያም የመሬት መዝገብ ውስጥ አለ። ለብዙ መቶ ዓመት የገበሬ አገር ነበረች። በ1865 ባቡር መጣ። በ1949 ደግሞ ባቡሩ የለንደን ትዩብ አካል ሆነ። ያኔ ይህች ሰፈር እንደ ሌሎቹ በቤት ተጥለቅልቃ ለንደን ውስጥ መግባት ነበረባት። አልገባችም። ለምን?

ጫካው ነው ያዳናት። አሮጊቷ ይህን ሲተርኩ ዓይናቸው ይበራ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለርስቶቹ የኤፒንግን ጫካ እያጠሩ መሸጥ ጀመሩ። ድሃው ግን ከጥንት ጀምሮ ከብት የማሰማራት መብት ነበረው። ጎረቤታችን በሆነችው በላውተን ደግሞ ከፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ሌሊት ጀምሮ ቅርንጫፍ መልምሎ ማገዶ የመሰብሰብ ልማድ ነበር። ቶማስ ዊሊንጌል የሚባል ሽማግሌ "መብታችን ነው" ብሎ አጥሩን ችላ አለ። በ1866 ዘመዶቹ ታሰሩ። ነገሩ ግን በዚያ አልሞተም። የለንደን ሲቲ ማዘጋጃ ቤት ጉዳዩን ይዞ ተከራከረ። በ1878 ጫካው ለሕዝብ እንዲጠበቅ ሕግ ወጣ፣ በ1882 ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ መጥታ ለሕዝቡ አበረከተችው። የላውተን ሰዎች ቅርንጫፍ የመልመል መብታቸውን ሲለቁ ካሳ ተከፈላቸው፣ በዚያም ገንዘብ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ተሠራ። ሎፒንግ ሆል ይባላል፣ በ1884 ነው የተከፈተው፣ ዛሬም ቆሟል።

በኋላ በ1938 በለንደን ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶ የሚያስከብር ሕግ መጣ። ከቤቶቹ ጀርባ ወዲያው እርሻና ጫካ የሚጀምረው ለዚህ ነው። ዋጋው ሰማይ የነካውም ለዚህ ነው። አዲስ ቤት እንደልብ አይሠራማ! ስለዚህ "ከለንደን ወጣ ስንል ይረክሳል" ብላችሁ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ከማስላታችሁ በፊት ዋጋውን እዩ። እኔ እስከ ዛሬ ተከራይ ነኝ።

አሁን ስለ ኑሮው። ጠዋት ጣቢያው ላይ ሰው ተሰልፎ ታያላችሁ። ማንም ከማንም አያወራም። ማታ ያው ሰው ያው ዝምታውን ይዞ ይመለሳል። ቀን ቀን ግን መንደሯ የሽማግሌዎች፣ የሕፃናት፣ የውሾችና የእኛ የኬረሮች ናት። ሥራችሁ ለንደን ከሆነ የምታዩት ዝምተኛውን ክፍል ብቻ ነው። ሰዉን ለማወቅ ቅዳሜና እሁድን መጠበቅ ግድ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ስህተቴን ልናዘዝ። ድፎ ዳቦ ጋግሬ ለጎረቤቴ ወሰድኩ። በሩ ላይ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ዘጋችው። በማግስቱ ሳህኔን አጥባ፣ አንድ ማሰሮ ማርማላታ ጨምራበት መለሰችልኝ። እሱንም በሩ ላይ! ቤት ግቢ የለ፣ ሻይ ጠጪ የለ። "ንቃኝ ነው" ብዬ ስንት ቀን ከፋኝ። ቡና ጠጡ ተባብሎ ላደገ ሰው ይህ ስድብ ነው። ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። እዚህ ሰው ወደ ቤት አይጠራም፣ ወደ ሥራ ነው የሚጠራው።

ጥሪው ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። "ለሻይ ዝግጅት አጋዥ እንፈልጋለን" የሚል ወረቀት አየሁ። ቅዳሜ ወደ መንደሩ አዳራሽ ሄጄ ስኒ ሳጥብ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። እድር የምታውቁ ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል። የእኛ ሰው ድንኳን ሲተክል፣ ወጥ ሲያማስል ነው የሚዋደደው። እነሱም ወንበር ሲደረድሩ፣ ኬክ ሲቆርሱ ነው። ልዩነቱ እኛ ለቅሶና ሰርግ ይሰበስበናል፣ እነሱን ክሪኬት፣ የአትክልት ውድድርና የገና ዝማሬ። በአትክልት ውድድሩ እንዳትስቁ ብቻ። ትልቅ ዱባ ያበቀለ ሰው ምን ያህል እንደሚኮራ አይታችሁ አታውቁም።

ስለ አትክልት ካነሳን፣ በብዙ መንደሮች አሎትመንት የሚባል በትንሽ ኪራይ የሚሰጥ ቁራሽ መሬት አለ። ሙሉው 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ግማሹንም ይሰጣሉ። ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል በገባችሁበት ሳምንት ተመዝገቡ። ጎመን፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እንደ ጉድ ይበቅላል። ቃሪያ ከውጭ አትድከሙበት፣ መስኮት ሥር ይሁን።

ሌላው ፓሪሽ ካውንስል ነው። ስሙ የደብር ጉባኤ ይመስላል እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ጋር አይገናኝም። በ1894 ሕግ የተቋቋመ የመንደር ምክር ቤት ነው። አባላቱ ነዋሪዎች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። ለአካባቢው አስተዳደር ከምትከፍሉት ግብር፣ ከካውንስል ታክሳችሁ፣ ትንሿ ቁራጭ ወደ እሱ ትሄዳለች። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው መምረጥም መመረጥም አይችልም፣ ዜግነት የወሰደ ይችላል። ስብሰባው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ብዙውን ጊዜ ነዋሪ የሚናገርበት ሰዓትም ይመድባሉ። ሁለት ጊዜ ሄጄ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ስለ አውቶቡስ ተናገርኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ።

የሚያስቸግረውንም ሳልደብቅ ልናገር። ሐበሻ የለም። በአንድ ሱቅ ውስጥ ከኋላዬ እየተከተለ ኪሴን የሚያይ ሠራተኛ ገጥሞኛል። ልጆች ካሏችሁ የቅዳሜው የአማርኛ ትምህርትና የቅዳሜው ኳስ ይጋጫሉ፣ አስቀድማችሁ ምረጡ። ቅዳሴም ፈተና ነው። እሁድ የመጀመሪያው ባቡር ከሌላው ቀን ይዘገያል፣ ኪዳን ለመድረስ መኪና ያስፈልጋል። ለሰርግ ለንደን ካመሻችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት የሚሠራው የሌሊት ትዩብ በእኛ አቅጣጫ ላውተን ላይ ያበቃል። እኔ ይህን የተማርኩት በሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሼ፣ ላውተን ጣቢያ በር ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው።

"ከየት ነሽ?" የሚለው ጥያቄ አይቀርላችሁም። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን መልስ አለኝ። ከእኛ አራት ጣቢያ ወደ ለንደን ስትሄዱ ዉድፎርድ አለች። እንግሊዛዊቷ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት የኖረችው እዚያ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በ1936 ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረች፣ 20 ዓመት ቀጠለችበት። በ1956 አዲስ አበባ ገባች፣ በ1960 እዚያው አረፈች። መቃብሯ ቅድስት ሥላሴ ነው። ዉድፎርድ ዋናው መንገድ ዳር ደግሞ በ1930ዎቹ ያቆመችው የድንጋይ ቦምብ አለ፣ ከአየር ሰው መደብደብን የሚቃወም ሐውልት ነው።

አንድ ቀን አዳራሹ ውስጥ ስኒ እያደራረቅን አንድ የክሪኬት ሽማግሌ ያቺኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። "ጎረቤታችሁ ሲልቪያ ከተቀበረችበት ከተማ" አልኳቸው። ግራ ገባቸው፣ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፎጣ ይዘው አጠገቤ ቆሙ። "ሄጄ አየሁት" አሉ። "40 ዓመት በመኪና አልፌዋለሁ፣ የውኃ ቧንቧ መስሎኝ።"