ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ

ጥያቄ፦ አምስተኛ ክፍል የሆነው ልጄ 1/2 + 1/3 ስለው 2/5 ይለኛል። «ታህቶቹን አመሳስል» ስለው ለጊዜው ይሠራል፤ በነጋታው ያው ነው። ክብ ስዬ ላስረዳው ብሞክር ጭራሽ ግራ ተጋባ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ክቡን ይተዉት። ክብን ለሦስት ወይም ለአምስት እኩል መክፈል ለአዋቂም ያስቸግራል፤ ክፍሎቹ እኩል ካልሆኑ ደግሞ ሥዕሉ ራሱ ያሳስታል። በምትኩ ርዝመታቸው 12 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋታቸውም እኩል የሆኑ ሦስት ወረቀቶች ያዘጋጁ። አንዱ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ለሁለት፣ ሦስተኛው ለሦስት ይቆረጥ። ልጁ ግማሹን (6 ሳ.ሜ.) እና ሲሶውን (4 ሳ.ሜ.) ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ ሙሉው ላይ ይደርድር። 2/5 ከግማሽ እንደሚያንስ፣ እሱ ግን ግማሽ ላይ እንደጨመረበት ያን ጊዜ በዓይኑ ያየዋል።

መልሱን አይንገሩት። «ግማሹንም ሲሶውንም ሳይተርፍ ሳይጎድል የሚሸፍን፣ መጠኑ አንድ ዓይነት የሆነ ቁራጭ ፈልግ» ይበሉት። ሩቡን (3 ሳ.ሜ.) ቢሞክር ግማሹን በሁለት ይሸፍናል፤ ሲሶው ላይ ግን 1 ሳ.ሜ. ይተርፍበታል። ይህችን ያልተሳካች ሙከራ አያስዘልሉት፤ የጋራ ታህት ለምን እንደሚፈለግ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ስድስተኛው (2 ሳ.ሜ.) ግማሹን በ3፣ ሲሶውን በ2 ይሸፍናል፤ ድምሩ 5/6።

ይህን ሲለምድ ወደ አራት ማዕዘን ይለፉ። ለ2/3 + 1/4 መጠናቸው እኩል የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ይሳል። አንዱን ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ መስመሮች ለ3 ከፍሎ 2ቱን ቀለም ይቀባ፤ ሌላውን በአግድም ለ4 ከፍሎ 1ዱን። ከዚያ የአንዱን መስመሮች ሌላውም ላይ ያስምር። እያንዳንዳቸው 12 ሳጥን ይኖራቸዋል፤ ቀለም የተቀቡት 8 እና 3 ናቸው። ብዙ ልጆች እዚህ ጋ 11/24 ይላሉ፤ የሁለቱንም ሥዕል ሳጥኖች ስለሚቆጥሩ ነው። 3ቱን ወደ መጀመሪያው ሥዕል ባዶ ሳጥኖች ያዛውር፤ አንድ ባዶ ብቻ ይቀራል፤ 11/12።

አራት ማዕዘኑ ሁልጊዜ ትንሹን የጋራ ታህት አይሰጥም። 1/4 + 1/6 ላይ 10/24 ያወጣል፤ ልክ ነው፣ ግን ማቃለል ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ 3 ሳ.ሜ. እና 2 ሳ.ሜ. ሲጋጠሙ 5/12 ወዲያው ይታያል። አምስተኛ ሲመጣ 12 ሳ.ሜ. አያመችም፤ ለ1/4 + 1/5 ባለ 20 ሳ.ሜ. ወረቀት ይቁረጡ።